ጎማ ያዘለች መኪና

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው የፊተኛውን መኪና ጀርባ ከማንበብ ሌላ ሥራ የለውም። ሹፌሩ ስልክ ያወራል፤ ሙዚቃው ይጮኻል፤ ዓይን ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። እኔ በዚህ ንባብ ብዙ ዘመን ስለቆየሁ የምትወደው ገጽ የትኛው ነው ብባል አላመነታም፤ የኋላ በሯ ላይ ጎማ ያዘለች መኪና ናት። ቪታራ በሏት፣ ራቭፎር በሏት፣ ጠንካራዋ ላንድክሩዘር በሏት፣ ከኋላ ሲያዩዋት ልጇን አዝላ ቅዳሜ ገበያ የምትወርድ እናት ትመስላለች። ፍጥነት መቀነሻ ላይ ስትደርስ እሷ ዝቅ ስትል እሱም ዝቅ፣ እሷ ከፍ ስትል እሱም ከፍ ይላል። የጎደለው የአንቀልባው ዛጎል ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጊዮርጊስ ተነሥቼ ዓባይ ማዶ እስክደርስ ስንት እንዲህ ያለች መኪና እንደማይ ልቁጠር አልኩ። የአንድ እጄ ጣቶች ተረፉኝ። ከተቆጠሩትም አንዷ የወረዳ አምቡላንስ ነበረች፤ እሷ ለመሽቀርቀር ብላ የምታዝል አይደለችምና ልትቆጠር አይገባም። የቀሩት መኪኖች ሁሉ ጀርባቸው ልሙጥ ነው። ወልደው የሚያውቁ አይመስሉም።

የዚያ ጎማ ልብስ ራሱን የቻለ ዓለም ነበር። አውራሪስን በአካል አይቶ የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው አውራሪስ አዝሎ ይዞራል። ሌላው ንሥር፣ ሌላው የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ፣ ሌላው ጥርሱን ያገጠጠ ቢጫ ፊት። ልብሱ ሲያረጅ ላስቲኩ ይላላና ዝናብ ገብቶበት ከጎማው ሥር እንደ ስልቻ ይንጠለጠላል። መኪናዋ ድንጋይ በረገጠች ቁጥር ያጠራቀመችውን ውኃ ከኋላዋ ባለው ብስክሌተኛ ላይ ትደፋዋለች። ብስክሌተኛው ግን አይቀየማትም፤ የሷ ባለዕዳ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት ቢባልም ቤዛዊት ሜዳ አይደለም፤ ወደዚያ ኮረብታ የሚወጣ ጎረምሳ የታዘለውን ጎማ በአንድ እጁ ጨብጦ፣ ፔዳሉን አሳርፎ፣ ሽቅብ ሲጎተት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ልጆችማ ሁለት ሆነው ይንጠለጠሉበት ነበር። ሹፌሩ በስፖኪዮ አይቶ እስኪጮህ ድረስ ነፃ ትራንስፖርት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጎማው የምስክር ወረቀት ነበር። ጎማ ያዘለች መኪና ማለት ፊልድ የምትወጣ መኪና ማለት ነው፤ ፊልድ የሚወጣ ሰው አበል አለው፤ አበል ያለው ሰው ደግሞ ሽማግሌ ቢልክ አያሳፍርም። ከከተማው ኬላ ወጥታ የማታውቅ ራቭፎር እንኳ ይህን ማዕረግ ከጎማዋ ጋር አዝላ ትንጎራደድ ነበር።

የእናቴ ወንድም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ሲወጣ ከአንድ የዕርዳታ ድርጅት ጨረታ አንዲት ቪታራ ገዛ። አጎቴ የፋብሪካው መካኒክ ነበር። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ከጣልያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተቋቋመ ነውና እሱ መኪናን በጣልያንኛ የማውራት መብት አለኝ ባይ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ መብት የሁላችንም ነው። ጎማ ፈንድቶባችሁ መንገድ ዳር ከቆማችሁ ጣልያንኛ ሳትናገሩ አትነሡም። ጎማው ራሱ ጣልያን ነው። የሚነሣበት ክሪክ፣ የሚፈታው ዳዶ፣ ክቡ ብረት ቸርኬ፣ የውስጡ ካላማዳሪያ፣ ጠጋኙ ጎሚስታ፣ የታዘለው ደግሞ ስኮርት። የራሳችን ሆኖ የሚቀረው «ወይኔ!» የምንላት ብቻ ናት። አጎቴ፣ ጣልያን ካሳውን በፋብሪካ ከፈለ፣ ቃላቱን ደግሞ ምራቂ ጨመረ ይላል።

ቪታራዋ ስትመጣ የስኮርቱ ልብስ ላይ የድርጅቱ ዓርማ ነበረበት። አጎቴ በነጭ ጋዝ ፈግፍጎ አጠፋው፤ ጠፋ ሲባል ጥላው ቀረ። አንዲት የስንዴ ዛላ፣ ደብዝዛም ቢሆን፣ ከሩቅ ትነበባለች። ከዚያ ወዲህ ከከተማ በወጣን ቁጥር ሰው ይሰበሰብብናል። ዘጌ መንገድ ላይ አንድ አዛውንት መኪናዋን በዝግታ ዞሩና ዛላዋን ካዩ በኋላ፣ «ለመሆኑ የዘንድሮው በነፍስ ወከፍ ስንት ኪሎ ነው?» ብለው ጠየቁት። አጎቴ ጡረተኛ ነኝ፣ ለንግሥ ነው የምሄድ ብሎ ማለላቸው። «እሱማ እናንተ ሁልጊዜም አትናገሩም፤ በኋላ ነው በድንገት የምታከፋፍሉት» አሉት።

ያ የዘጌ ጉዞ ለየካቲት 16፣ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነበር። የአጎቴ ሚስት፣ እቴቴ፣ ከመሶቧ ጋር ከፊት፤ እኔና ሁለት ጎረቤቶች ከጠላው ጄሪካን ጋር ከኋላ። ከአዛውንቱ ተለይተን ብዙም ሳንርቅ የኋላ ግራ ጎማችን «ጧ!» አለ። አጎቴ አልደነገጠም። እንዲያውም ደስ ያለው መሰለኝ። ስምንት ዓመት ያዘለውን የሚያወርድበት ቀን መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ እንደ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ዝም ብሎ፣ ልብሱን ገፈፈ። ጎማው በሰንሰለት ታስሯል፤ ሰንሰለቱ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ስኮርት የሚያወልቁ ሌቦች በበዙበት ሰሞን ራሱ ያሠረው ነው። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ደግሞ ቤት፣ ኮሞዲኖ ውስጥ፣ እንዳይጠፋ በጥንቃቄ ተቀምጧል።

ስምንት ዓመት ሌባ ያልደፈረውን ጓጉንቸር ለንግሥ የሚሄድ አንድ ዲያቆን በሦስት የድንጋይ ምት በረገደው። (የማስበው ነገር ነበረኝ፤ ቀኑ በዓል ስለሆነ ተውኩት።) ጎማው ወረደ። አጎቴ በቡጢ መታው። ከበሮ ይመስላል ብለን ስንጠብቅ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ድምፅ ሰጠ። ስኮርቱ ባዶ ነው! ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ልብሱን አየለት እንጂ ነፋሱን የጠየቀለት አልነበረም። እቴቴ ከመኪናው ሳትወርድ አንገቷን በመስኮት አወጣችና፣ «እኔስ ዝምታው ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጤነኛ ነው?» አለች።

ያዳነን ብስክሌት ነው። መንፊያ የያዘ ልጅ ቆመልን። በብስክሌት መንፊያ የመኪና ጎማ መንፋት ጣናን በስኒ እንደ መጭለፍ ነው፤ ግን ንግሥ ሄያጁ ብዙ ስለሆነ በተራ ያዝነው፣ ሃምሳ ሃምሳ ምት። አንዱ ሃምሳውን ሲጨርስ ነጠላውን አስተካክሎ ላቡን ጠርጎ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ከኋላ የመጣው ይተካዋል። አንድ አባት ሃያ ያህል ከመቱ በኋላ ቀሪውን በጸሎት እከፍላለሁ ብለው አለፉ። እኛ ስንደርስ ታቦቱ ገብቶ ነበር።

እርግጥ መኪና ስትፈጠር ትርፍ ጎማ አልነበራትም። የጥንት ባለመኪና ጎማው ሲፈነዳ እዚያው አቧራ ላይ ተንበርክኮ ይጠግን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 በዌልስ፣ ላኔሊ በምትባል ከተማ፣ ዴቪስ የሚባሉ ወንድማማቾች በተነፈሰው ጎማ ላይ ደርቦ የሚታሰር ትርፍ ጎማ ሠርተው ገበያ አወጡ። የሚሠሩበት ጎዳና ስቴፕኒ ይባል ስለነበር ህንዶች እስከ ዛሬ ትርፍ ጎማን ስቴፕኒ ይሉታል። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ የት እንሸከመው የሚል ነው። ላንድሮቨር ኮፈኗ ላይ፣ ግንባሯ ላይ ተሸከመችው። ቮልስዋገን ፊት ለፊት ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችው፤ ሞተሯን ከኋላ ያደረገች መኪና ሌላውስ ለምን ተገላቢጦሽ አይሆን? የሄንሪ ፎርድ ልጅ ኤድሰል ፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 ለራሱ ባሠራት ሊንከን ኮንቲኔንታል ላይ ከኋላ አሳዘላት። ሀብታም ሁሉ ወደዳት፤ ማዘል ጌጥ ሆነ። ጌጥ ከሆነ በኋላ ነገሩ መረን ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ክራይስለር ኢምፔሪያል የሚሉት መኪና ጀርባው ላይ የጎማ ቅርጽ ያለው እብጠት አበቀለ፤ ሥሩ ግን ጎማ የለም። ጨርቅ ጠቅልሎ እሹሩሩ ማለት ይኸ ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የሽንት ቤት መቀመጫ ብለው ሳቁበት።

ቶዮታ ራቭፎርን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያወጣት ጎማ አሳዝሎ ነው፤ የሆንዳዋ ሲአርቪ በዓመቱ ተከተለች። ሁለቱም አንጀታቸው የአውቶሞቢል፣ ጀርባቸው የላንድክሩዘር ነው። መጀመሪያ ያወረደችው ሲአርቪ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2006። ራቭፎር በ2013 ገደማ፣ ቪታራ በ2015 ተከተሉ። እንዲህ ተራ በተራ ሲያወርዱ ለምን ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ከኋላ ዕቃ ጭኖ የሚያውቅ ነው።

ጎማ ያዘለችው ራቭፎር የኋላ በሯ ወደ ላይ አይነሣም፤ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፤ ማጠፊያው ደግሞ በስተቀኝ ነው። ጃፓን በግራ የሚነዳበት አገር ስለሆነ እዚያ መኪናዋን ዳር አቁሞ በሩን የሚከፍት ሰው ከእግረኛ መንገዱ ቀጥታ ይጭናል። እኛ ግን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግረናል። እና ባሕር ዳር ላይ ጤፍ የተሸከመ ወዛደር መኪናዋ ጋ ሲደርስ በሩ፣ ከነጎማው፣ በሱና በመጫኛው መሃል እንደ ግንብ ተገትሮ ይጠብቀዋል። ዞሮ አስፋልት መግባት አለበት፤ አስፋልት ላይ ደግሞ ባጃጅ አለ። ሃምሳ ኪሎ ትከሻው ላይ፣ የባጃጅ ነጂ ስድብ ጆሮው ላይ። እቴቴ ይህን ዓይነቱን በር «አማት» ትለዋለች፤ መጥታ መሃል የምትቆም።

ሌላው ጉድ የግጭቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመድን ኩባንያዎች የሚደጉሙት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም መኪኖችን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እያስኬደ ወደ ኋላ ሲያላትም፣ ከፓራውልቱ በፊት ግንቡን ያገኘው የታዘለው ጎማ ነበር፤ ከዚያ በሩን ይጨፈልቅ፣ አንዳንዴም መስታወቱን ይዞ ይገባ ነበር። ፓራውልቱ ከሥር ሆኖ፣ ምንም ሳይነካው፣ ያይ ነበር። 8 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት እንግዲህ የኛ ባጃጅ ሲያቆም ያለው ፍጥነት ነው።

ከዚያ የኤሌክትሪኩ ዘመን መጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በጥር 2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንደማይገባ ተነገረ። ባንክ ቤት የሚሠራው ጎረቤታችን አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ግቢያችን በር ላይ ቆመ። አጎቴ ወጥቶ መረቀለት። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞራት።

«ስኮርቷ የታለ?»

«የላትም ጋሼ።»

«ከሥር ነው?»

«ከሥሯ ባትሪ ነው። ጎማ አያስፈልጋትም፤ ብትበሳ የሚጨመር ፈሳሽ ከትንሽ ፖምፓ ጋር ተሰጥቷታል» አለና ከኮፈኑ ውስጥ ጠርሙስ አውጥቶ አሳየው።

አጎቴ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው። «ሽሮፕ ነው በለኛ» አለ። «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

ልጁ ሳቀ፤ አጎቴ አልሳቀም። ማታውን ሐይቁ ዳር ስንሄድ ሁሉ ስለዚህ ጠርሙስ ነበር የሚያወራው። አንድ ታንኳ ከፊታችን አለፈ፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ጀርባው እንጨት ተጭኖበት። ታንኳ ስኮርት የለውም ብዬ ላናድደው ፈለግሁ። የደንገል ጀልባ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ አውጥተው ፀሐይ ያሞቁታል፣ ሲያልቅ ሌላ ያስራሉ፤ በቃ። እሱ ግን የዚህን ሐይቅ ደንገል ነገር ከኔ ይልቅ ያውቅ ኖሯል። ፋብሪካ ሳለ የሰማውን አጫወተኝ፤ ቤት ገብቼ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን በደንገል ጀልባ አቋርጣለሁ ብሎ ተነሣ። ደንገሉ የተጨደው ከኛው ጣና ነው፤ ጀልባዋን የሠሩለት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ስሟን ራ አላት። አሠራሯ ከጥንት ግብፆች ሥዕል የተወሰደ ነበር። በሥዕሉ ላይ የጀልባዋ ኋላ እንደ ጊንጥ ጭራ ወደ ላይ ይቆለመምና ከጭራው ወደ ወለሉ አንድ ገመድ ይወርዳል። ጭራውን ሠሩላት፤ ገመዷን ቸል አሏት። ከሞሮኮ ተነሥታ ሳምንታት ከተጓዘች በኋላ የራ ጀርባ እየዘቀጠ ውኃ ያስገባ ጀመር። ያቺ ገመድ ለካ ጭራውን እንደ ስፕሪንግ ቀና አድርጋ የምትይዝ ናት። ባርባዶስ ሳይደርሱ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ሁለተኛዋን ራ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች አሠርቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። አጎቴ ይህን ሲተርክ ገመዷን «ስኮርቷ» እያለ ነው። አላረምኩትም።

የነጯ መኪና ቀን ለመምጣት ሁለት ወር አልፈጀበትም። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ እንደ ልብ የሚነዱበት፣ ጎማ የማያሳስብ መንገድ ነው። ልጁ እሱን በሰላም አለፈና ወደ ሠፈር የሚገባው ኮብልስቶን ጋ አንድ የተረሳ ፌሮ ጎማውን ከጎኑ ቀደደለት። ጠርሙሱን አወጣ፣ መመሪያውን አነበበ፣ ጨመረ። ፈሳሹ የሚደፍነው የጎማው መርገጫ ላይ ያለ የሚስማር ቀዳዳ ነው፤ የጎን ቁስል አያውቅም። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ። ጎሚስታው በእግሩ ደርሶ ነጩን አረፋ በጣቱ ነካና አሸተተ። «ወንድሜ፣ ወተት ነው እንዴ የምታጠጣት?»

አጎቴ በቪታራው ደረሰለት። ስኮርቱን በኩራት አወረደ። (ከዘጌው ቀን ወዲህ በየወሩ ነፋሱን ያስለካል፤ ቁልፉንም አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ነው የሚያስረው።) የዳዶው ቁጥር ልክ ነው፣ ቀዳዳው ግን አልገጥም አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከቆምን በኋላ መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ወደ ቤት ሄደች።

በማግሥቱ ልጁ አዲስ ጎማ ከነቸርኬው አፈላልጎ ገዛ፤ ዋጋውን አልጠየቅነውም፣ ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። መጀመሪያ የወሰደው በያጅ ጋ ነው፤ የኋላ በሩ ላይ ማዘያ እንዲሠራለት። በያጁ በሩን በጣቱ አንኳኳው። የሳሙና ማስቀመጫ ድምፅ ሰጠ። «ይኼ እኮ ላስቲክ ነው፤ እሳቱን ሳስጠጋው ይቀልጣል» ብሎ መለሰው። የዕቃ ቦታው ውስጥ እንዳያደርገው እዚያ የሕፃኑ ጋሪ አለ። ሚስቱ ልጅ ማዘል አትወድም፣ ወገብ ያማል ትላለች፤ በጋሪ ነው የምትገፋው። እቴቴ የድሮ አንቀልባዋን ላውሳችሁ ብላ ነበር፤ ለሕፃኑ ይሁን ለጎማው አልተናገረችም።

ትናንት ዘንባባዎቹ ሥር በባጃጅ ስሄድ ነጯ መኪና ከፊታችን ገባች። እንደ ልማዴ ጀርባዋን ማንበብ ጀመርኩ። በኋላ መስታወቷ ውስጥ አንድ ጥቁር፣ ክብ ነገር ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ደረቱ ላይ ቀበቶ ታስሮለታል። ካልታሰረለት መኪናዋ ሰው መስሏት መንገዱን ሙሉ ትጮኻለች ብሎኛል ልጁ። የባጃጁ ነጂም አይቶት ኖሮ ከኋላቸው በዝግታ እየነዳ አንገቱን ዘረጋ።

«ያ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ማን ነው?» አለኝ።

«ስኮርት ነው» አልኩት።